ሦስት ነጥብ ወይስ አንድ? ተመሳሳይ ቢራቢሮዎችን በክንፋቸው መለየት እንዴት እንደተማርኩ

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን አራት ኪሎ አካባቢ ማጠናከሪያ ትምህርት አደርሳታለሁ። ትምህርቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ቤት ደርሼ ልመለስ ብል ጊዜው አይበቃም። ካፌ ልቀመጥ ብል ይረዝማል። ስለዚህ እዚያው አቅራቢያ ያለ አንድ ግቢ ገብቼ፣ የወፍ ቆሎ አጥር ሥር ካለች የድንጋይ መቀመጫ ላይ እጠብቃታለሁ። ቢራቢሮ ማየት የጀመርኩት እዚያ ነው፤ 2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ።

የወፍ ቆሎ መጤ ተክል ነው። የግጦሽ መሬትን ይወራል፤ ማንም እንዲተክለው አልመክርም። ግን አበባው ላይ ቢራቢሮ አይጠፋም። ክረምቱ አልፎ ፀሐይዋ መሞቅ ስትጀምር ያቺ አጥር ትንቀሳቀሳለች ማለት ይቻላል። ነጩ ይመጣል፣ ቢጫው ይመጣል፣ ትንንሾቹ ሰማያዊዎች ይመጣሉ። ከሁሉም ዓይኔን የሳበችው ግን ብርቱካናማዋ ነበረች። የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ላይ ነጫጭ ነጥቦች በሰያፍ ተደርድረዋል። ቀስ ብላ ነው የምትበረው፤ የሚያሳድዳት እንደሌለ ሁሉ አትቸኩልም።

ስልኬን አውጥቼ አነሳኋት። ማታ ልጄና እኔ ፎቶውን ለአንድ የስልክ አፕሊኬሽን ሰጠነው። «ሞናርክ» አለን። ሞናርክ የአሜሪካ ቢራቢሮ ነው፤ በየዓመቱ ከካናዳና ከአሜሪካ ተነስቶ ሜክሲኮ ተራሮች ላይ የሚከርመው። አራት ኪሎ ምን ይሠራል? ትንሽ ሳነብ እኛ ጋ ያለችው የሞናርክ ዘመድ እንደሆነች ገባኝ። ሳይንሳዊ ስሟ ዳናውስ ክሪሲፐስ ነው። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ሞናርክ ብርቱካናማው ሁሉ በወፍራም ጥቁር መስመሮች የተከፋፈለ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስኮት ይመስላል። የእኛዋ መሐሉ ንጹሕ ነው፣ ጥቁር መስመር የለበትም። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያየሁትን ብርቱካናማ ሁሉ ዳናውስ እያልኩ ስልኬ ላይ መመዝገብ ጀመርኩ። ስሙን ለልጄ አስተማርኳት። ልጄ ደግሞ ለጓደኞቿ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ።

2015 ዓ.ም. ኅዳር ላይ እዚያችው መቀመጫ ላይ ሆኜ ሳነሳ፣ አንድ ወጣት አጠገቤ ቆመ። ባዮሎጂ እንደሚያጠና በኋላ ነገረኝ።

«እትዬ፣ ምን እያነሱ ነው?»

«ቢራቢሮ» አልኩት። ስልኩን ዘርግቼ የድሮዎቹንም አሳየሁት። እያለፈ እያለፈ አየና አንዷ ላይ ቆመ።

«ይቺኛዋ ሌላ ናት።»

«እንዴት ሌላ? ያችው ናት እኮ።»

«የፊት ክንፏን ይተዉት። የኋላ ክንፏን ይዩት። ስንት ጥቁር ነጥብ አለ?»

አጉልቼ አየሁ። አንድ። ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ። ከዚያ ወደ ሌላዋ ፎቶ ሄድን። ሦስት። መሐል ላይ፣ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሦስት ነጥቦች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ናቸው ብዬ የመዘገብኳቸው ሁለት የተለያዩ ፍጥረቶች ነበሩ። ዝምድናቸው እንኳን ሩቅ ነው። ባለ አንድ ነጥቧ ሃይፖሊምናስ ሚሲፐስ ትባላለች።

ያን ማታ ልጄና እኔ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን ሁሉንም ፎቶ እንደ አዲስ ቆጠርን። 112 ነበሩ። 23ቱ ባለ አንድ ነጥብ ሆነው ተገኙ። 19ኙን ጨርሶ መለየት አልቻልንም፤ የኋላ ክንፋቸው በፊት ክንፋቸው ወይም በቅጠል ተሸፍኖ ነበር። የ19ኙ ነገር በጣም ከነከነኝ። ምክንያቱም ሳነሳቸው ሁልጊዜ የማተኩረው የሚያምረው ላይ ነው። የሚያምረው የፊት ክንፉ ጫፍ ነው። የሚለየው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ሁለት ዓመት እንዳይፈጅበት ብዬ ነው። ዋናው ነገር ይኸው ነው። ቀለሙን እይ፣ ግን በቀለሙ አትወስን። ከኋላ ክንፍ ጀምር። ነጥብ ቁጠር፣ ነጥቡ የት እንዳለ ልብ በል፣ የጠርዙን ቅርጽ እይ፤ ከዚያ ክንፉ ሲታጠፍ የሚታየውን የታችኛውን ገጽ እይ።

ለምን እንዲህ እንደተመሳሰሉ ያ ወጣት ሲነግረኝ አፌን ከፍቼ ነው የሰማሁት። የዳናውስ አባጨጓሬ የሚበላው ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያፈሱ ተክሎችን ነው። ወተቱ ውስጥ ልብን የሚጎዳ መርዝ አለ። አባጨጓሬው መርዙን በሰውነቱ ያከማቻል፤ ቢራቢሮ ሲሆንም አብሮት ይቆያል። ወፍ አንዴ ቀምሳ ትታመማለች፣ ትተፋዋለች። ከዚያ በኋላ ያንን ብርቱካናማ ስታይ አትጠጋም። ሃይፖሊምናስ ግን መርዝ የላትም። አባጨጓሬዋ መሬት ላይ የሚነጠፍ፣ ወፍራም ቅጠል ያለው አረም ነው የሚበላው። መርዝ ባይኖራትም የመርዘኛዋን ልብስ ለብሳለች። ወፏም ትታለላለች። ይህን ዓይነት ማስመሰል መጀመሪያ ያብራራው ሄንሪ ዋልተር ቤትስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። አማዞን ጫካ ውስጥ ዓመታት ቢራቢሮ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ1862 ጻፈው። ዳርዊን የዝርያዎችን አመጣጥ ባሳተመ በሦስተኛው ዓመት ነው። እኔ ሳነበው ሩቅ አገር የሆነ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ በየሳምንቱ ጎኔ ሆኖ የሚካሄድ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ልብስ የምትዋሰው ሴቷ ብቻ ናት። የሃይፖሊምናስ ወንድ ፍጹም ሌላ ነው። ጥቁር ነው፤ በእያንዳንዱ ክንፍ ላይ ትልቅ ክብ ነጭ አለው፣ በነጩ ዙሪያ ደግሞ ሐምራዊ ብርሃን ይጫወታል። ያንን ጥቁር ቢራቢሮ ሁለት ዓመት «ያልታወቀ ጥቁር» ብዬ መዝግቤው ነበር። አንድ ቀን ጥቁሩና ብርቱካናማዋ አጥሩ ላይ ተያይዘው አየኋቸው። ባለ አንድ ነጥብ ነበረች። ባልና ሚስት ናቸው። ልጄ ያን ቀን ከትምህርት ስትወጣ እየሮጥኩ ነው የነገርኳት።

አሁን ሁለቱን በተግባር እንዴት እንደምለይ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ጀማሪን በጣም የሚያስቸግሩት እነዚህ ናቸውና።

ዳናውስ የኋላ ክንፏ መሐል ላይ ጥቁር ነጥቦች አሏት። ሴቷ ሦስት። ወንዱ አራት፤ አራተኛው ከሌሎቹ ወፈር ያለና መሐሉ ነጣ ያለ ነው፣ ሽታ የሚያመነጭበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሦስትና አራት በመቁጠር ጾታውንም ታውቃላችሁ። ሃይፖሊምናስ ያላት አንድ ነጥብ ነው፤ እሱም ከፊት ክንፍ ጋር በሚዋሰነው ጠርዝ አጠገብ ነው ያለው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቦታው ጠርዝ ላይ ስለሆነ የፊት ክንፉ በቀላሉ ይሸፍነዋል። «ነጥብ የለም» ብላችሁ ግራ ከተጋባችሁ፣ ክንፏን እስክታጥፍ ጠብቁ። ሲታጠፍ ከታች በኩል ነጥቡ ይወጣል። ወይም ደግሞ የክንፉን ጠርዝ እዩ። የዳናውስ የኋላ ክንፍ ጠርዝ ለስላሳ ነው፣ በመቀስ አንዴ ዞሮ የተቆረጠ ይመስላል። የሃይፖሊምናስ ጠርዝ ሞገድ ሞገድ አለው፣ የነጠላ ጥለት ዳር ላይ እንደሚሠራ ጥልፍ። በሞገዱ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ነጭ ጨረቃዎች ተሰልፈዋል። እኔ አሁን ከሦስት ሜትር ርቀት የምለያት በዚህ ጠርዝ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ዳናውስ ራሷ አንድ ዓይነት አለመሆኗ ነው። በአገራችን ቢያንስ ሦስት መልክ አላት። አንዷ እስካሁን የነገርኳችሁ ናት። ሁለተኛዋ የፊት ክንፏ ጫፍ ላይ ጥቁርና ነጭ የላትም፤ ሁለመናዋ ብርቱካናማ ነው። ሦስተኛዋ የኋላ ክንፏ ነጭ ነው። እነዚህን ሳይ መጀመሪያ ሦስት ዝርያ መስለውኝ ነበር። አንድ ናቸው። ሃይፖሊምናስም እንዲሁ ሦስቱን መልክ ተከትላ ትለብሳለች! ጫፏ ባዶ የሆነችውም አለች፣ የኋላ ክንፏ ነጣ ያለችውም አለች። ስለዚህ በመልክ የሚለይ ሰው ስድስት ቢራቢሮ ያያል። ነጥብ የሚቆጥር ሰው ሁለት ያያል። ልጄ «ባለ ሦስት» እና «ባለ አንድ» ብላ ስም ያወጣችላቸው ለዚህ ነው። ከላቲኑ ስም ይልቅ የሚረዳው ይሄ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሦስተኛ እንግዳ ይመጣል። አክሪያ ከሚባለው ወገን የሆነ፣ መጠኑ ከዳናውስ ያነሰ፣ ክንፉ ጠበብና ረዘም ያለ ብርቱካናማ። የዚህኛው የኋላ ክንፍ በጥቁር ነጥቦች የተረጨ ነው። ሦስትና አራት አይደለም፣ ብዙ ነው። እሱም የዳናውስን መልክ ይጋራል፣ ግን የራሱ መርዝ አለው። ያው ዘዴ እዚህም ይሠራል። ቁጠሩ። አንድ፣ ሦስት ወይም አራት፣ ብዙ።

ስለ ማስመሰል ካነሳሁ አይቀር ስለ አንድ የአገራችን ቢራቢሮ ሳልናገር አላልፍም። ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ ይባላል። ትልቅ፣ ክሬምማ ቢጫና ጥቁር፣ የኋላ ክንፉ ላይ ጭራ ያለው። በአብዛኛው የአፍሪካ ክፍል ሴቶቹ ወንዱን በጭራሽ አይመስሉም። ጭራም የላቸውም። መርዘኛ የሆኑ ሌሎች ቢራቢሮዎችን ነው የሚመስሉት። በኢትዮጵያ ግን አብዛኞቹ ሴቶች እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጭራ ናቸው። ጥቂቶቹ ደግሞ የመርዘኛውን መልክ ይለብሳሉ፣ ጭራቸውን ግን አይተዉም። ልብስ ቀይሮ ጫማ መቀየር እንደመርሳት ነው። የእኛው ንዑስ ዝርያ አንቲኖሪ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ሸዋ ልጥ ማረፊያ ይኖር ከነበረውና እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ካረፈው ጣሊያናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። እኔ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ። ከቆመበት ሲነሳ ጭራውን አየሁና ልቤ ዘለለ።

ወደ አጥራችን ልመለስ።

ነጮቹን ብዙ ሰው «ነጭ ቢራቢሮ» ብሎ ያልፋቸዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ነጭ ሲያርፍ ትንፋሼን ይዤ አንድ ነገር እጠብቃለሁ፤ ክንፉን እንዲያጥፍ። የኋላ ክንፉ የታችኛው ገጽ ላይ ቡናማ ሥሮች መረብ መስለው ተዘርግተው ካየሁ ቤሌኖይስ አውሮታ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ የክንፉ ዳር ጥቁር ነው፣ በጥቁሩ ውስጥ ነጫጭ ጠብታዎች አሉ። አባጨጓሬው ጉመሮና የጉመሮ ዘመዶችን ነው የሚበላው። ይሄ ቢራቢሮ አንዳንድ ዓመት በመንጋ ይጓዛል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። መረቡ ከሌለ፣ ጥቁሩ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ብቻ ካረፈ፣ የጎመን ነጭ ሊሆን ይችላል። የእኛ የጎመን ነጭ ፒዬሪስ ብራሲኮይደስ ነው። የአውሮፓው ጎመን ነጭ ዘመድ ቢሆንም ራሱን የቻለ ነው፤ የሚኖረው በኢትዮጵያና በታንዛኒያ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። ጓሮው ጎመን ያለበት ሰው አባጨጓሬውን ያውቀዋል፣ ስሙን ባያውቅም።

ጥቁር ዳር የሌለበት፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ከፍ ብሎ በፍጥነት የሚያልፈው ካቶፕሲሊያ ፍሎሬላ ነው። እሱን ከቢጫው ኮሊያስ ጋር የሚያምታታ አለ። ኮሊያስ ኤሌክቶ አነስ ይላል፤ ቢጫው ወደ ብርቱካን ያደላል፣ ዳሩም ሰፊ ጥቁር ነው። ችግሩ ኮሊያስ ሲያርፍ ክንፉን አይከፍትም። ጥቁሩን ዳር የምታዩት ሲበር ብቻ ነው። ስለዚህ ሲያርፍ የታችኛውን ገጽ እዩ። የኋላ ክንፉ መሐል ላይ ብርማ ነጥብ አለ፣ ቀላ ባለ ክብ ተከባ። ሴቷ ስትበር ጥቁር ዳሯ ውስጥ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል፤ ወንዱ ዳሩ ድፍን ጥቁር ነው። ማገጥ ባለበት ሣር ላይ ፈልጉት። አባጨጓሬው የማገጥና የአልፋልፋ ወገን ነው የሚበላው።

ሌላው የሚያምታታ ቫኔሳ ካርዱይ ነው። ብርቱካናማ፣ የፊት ክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ነጭ ነጥብ ያለበት። አዎ፣ በቃል ሲነገር ልክ እንደ ዳናውስ ነው። ለዚህም ነው «ብርቱካናማ፣ ጫፉ ጥቁር» የሚለው መግለጫ የማይረባው። ግን እዩት። ብርቱካኑ ንጹሕ አይደለም፣ ጥቁር ተረጭቶበታል፤ የተሰባበረ ነው። ክንፉን ሲያጥፍ ደግሞ ከታች እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ነው፣ ዳሩ ላይ ትንንሽ የዓይን ምስሎች ተሰልፈዋል። አበራረሩም ይለያል። ዳናውስ ትንሳፈፋለች፣ ይሄኛው ግን ብድግ ብሎ ይወነጨፍና ተመልሶ እዚያው ቦታ ያርፋል። መሬት ላይ፣ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ይወዳል። ሰሃራን አቋርጦ ከአፍሪካ አውሮፓ፣ ከአውሮፓ አፍሪካ የሚመላለሰው እሱ ነው። በዚያች ትንሽ ክንፍ!

የእሱ የቅርብ ዘመድ አገራችን ስሟን የሰጠችው ነው። ቫኔሳ አቢሲኒካ። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ነዋሪ ናት፤ አባጨጓሬዋ ሳማና የሳማ ዘመዶች ላይ ያድጋል። ከካርዱይ የምትለየው ብርቱካኗ በቀበቶ መልክ የተሰበሰበ በመሆኑ ነው። ሌላው ገላዋ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። በአጭሩ ካርዱይ ብርቱካናማ መሬት ላይ ጥቁር ነው፤ አቢሲኒካ ጠቆር ያለ መሬት ላይ ብርቱካናማ ቀበቶ ነው። ሳማ የበዛበት የወንዝ ዳር፣ እንደ ቀበና ያለ ቦታ፣ ዓይናችሁን ክፈቱ።

ትንንሾቹን ሰማያዊዎች በመጨረሻ ነው የጀመርኳቸው። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም። ከላይ ሁሉም ሰማያዊ ወይም ቡናማ ናቸው፣ በዚያ በኩል መድከም የለባችሁም። ሁሉም ነገር ያለው ከታች ነው። ብዙዎቹ የኋላ ክንፋቸው ላይ ክር የመሰለች ጭራና ሁለት ጥቁር ዓይን አላቸው። ላምፒደስ ቦኤቲከስ ከታች በጥቃቅን ሞገድ የተሞላ ነው፤ ግን በኋላ ክንፉ ዳር በኩል አንድ ሰፋ ያለ ነጭ ሰንበር ያቋርጠዋል። ያ ነጭ ሰንበር ካለ እሱ ነው። ሌፕቶተስ የሚባለው ደግሞ ከታች እንደ ሜዳ አህያ ተዥጎርጉሯል፣ ሰፊው ነጭ ሰንበር የለውም። ላምፒደስ የባቄላና የአተር እሸት ውስጥ ነው የሚያድገው። እሸት ስትፈለፍሉ ውስጡ ያገኛችሁት ትል ምናልባት እሱ ይሆናል።

አሁን ስለ ፎቶ አነሳሱ።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጠዋት ይበርዳል። ቢራቢሮ ደግሞ ካልሞቀው መብረር አይችልም። ስለዚህ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። የላይኛውን ገጽ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ቀኑ ሲሞቅ እረፍት ያጣሉ፣ ፎቶው ይበላሻል። ደመና ድንገት ፀሐይዋን ሲጋርዳት ደግሞ አብዛኞቹ አርፈው ክንፋቸውን ያጥፋሉ። ሰው ደመና ሲመጣ ስልኩን ኪሱ ይከታል። አትክተቱ። የታችኛውን ገጽ የምታገኙት ያኔ ነው።

ስትጠጉ ጥላችሁ እንዳያርፍበት ተጠንቀቁ። ጥላ ካረፈበት ይሄዳል። ከጎን በኩል፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ። እኔ መጀመሪያ ከሩቅ አንድ አነሳለሁ፣ ቢያመልጥ እንኳ እንዲኖረኝ። ከዚያ እየተጠጋሁ ደጋግሜ። ካሜራውን ተከታታይ ማንሻ ላይ አድርጌ ክንፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አሥርና አሥራ አምስት ጊዜ እይዘዋለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ላይ የኋላ ክንፉ ይታያል። ስልኩ ላይ ማስታወሻ እጽፋለሁ፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ያረፈበት ተክል፣ አበራረሩ። ተክሉን መጻፍ እንዳትረሱ። ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው ተክሉ ላይ ነው።

በእጅ አትያዙት። የክንፉ ቀለም ቅርፊት ነው፤ እንደ ዱቄት የሚራገፍ። ጣታችሁ ላይ የሚቀረው አቧራ መሳይ ነገር መለያ ምልክቱ ራሱ ነው። ያረጀ ቢራቢሮም እንደዚሁ ነው፤ ቀለሙ ረግፎ፣ ጠርዙ ተቦጫጭቆ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለው ላይ በጠርዝ ቅርጽ መወሰን አይቻልም፤ ነጥብ ላይ ተማመኑ።

የመሐል ከተማው ነዋሪ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። አራት ኪሎ ቤተ መንግሥት አለ፣ ፓርላማ አለ፣ መሥሪያ ቤት በየቦታው ነው። ስልክ አውጥቶ ማንሳት ጥያቄ ያስነሳል። አንድ ጥበቃ «እትዬ፣ ፎቶ ክልክል ነው» ብሎኝ ያውቃል። ትክክል ነው፣ ሥራው ነው። ያነሳሁትን አሳየሁት። ዓይኑን አጥብቦ አየና «ይሄ ሁሉ ቢራቢሮ ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ገና ስገባ ጠይቄ፣ አሳይቼ ነው የምጀምረው። ሕንፃ ከኋላ እንዳይገባ ወደ ቁጥቋጦው ዞሬ አነሳለሁ። የሚፈቀድበት ቦታ ብዙ ነው፤ የማይፈቀድበት ቦታ ላይ ደግሞ በዓይን ብቻ መቁጠርም ይቻላል። ነጥብ ለመቁጠር ካሜራ አያስፈልግም።

የት ልሂድ ለምትሉ፣ ሩቅ አትሂዱ። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዙሪያ ያሉ ዛፎች ሥር፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የትኛውም አሮጌ ግቢ አጥር። አንፋር ያለበት ቦታ ካገኛችሁ አትልቀቁት፤ አበባው ሲወጣ ቢራቢሮ ይጎርፍበታል። አዲስ የሚተከሉት የመንገድ ዳር አበቦች ውስጥ አንዳንዶቹ ያምራሉ እንጂ ቢራቢሮ የሚጠጣው የላቸውም፤ በተለይ የአበባ ቅጠላቸው ተደራርቦ የተዳቀሉት። አጠገባቸው ያለ አረም ላይ የበለጠ አገኛለሁ። አረም ሁሉ ባይታጨድ ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ጥግ ቢቀር። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምም ከልጅ ጋር ቢኬድ ደስ ይላል፤ አራት ኪሎ ከደረሳችሁ ሁለት እርምጃ ነው።

እንዲህ ስል ሁሉን ለየሁ ማለቴ አይደለም። ስልኬ ላይ «ያልለየኋቸው» የሚል ፎልደር አለኝ። የኋላ ክንፉ ያልታየ፣ የደበዘዘ፣ ክንፉ ያለቀ ሁሉ እዚያ ይገባል። በግምት ስም መስጠት አቁሜያለሁ። ያኔ በግምት የሰጠሁት ስም ሁለት ዓመት ነው የተከተለኝ። ከ112ቱ ውስጥ ያልለየናቸው 19ኙም እዚያ ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከትምህርት እስክትወጣ ያንን ፎልደር እያየሁ ነበር። አንዷን አጎላሁ። የኋላ ክንፏ በቅጠል ተሸፍኗል፣ ነጥቡ አይታይም። ግን ከቅጠሉ ሥር የክንፉ ዳር ብቅ ብሏል። ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሆንም። ሞገድ አለው። በሞገዱ ውስጥ አንዲት ነጭ ጨረቃ። አሁን 18 ቀሩ።